ሙቅ ውሃ ቅንጦት ነው ለምትሉን

ሰሞኑን በግቢያችን ከምግብ ቤቱ ሰልፍ እስከ መኝታ ክፍሉ ድረስ አንድ አባባል ሲዘዋወር እንሰማለን። «ገጠሩ ገና መብራት ሳያገኝ ስለ ሙቅ ውሃ ማውራት፣ ሱሪ ሳይኖር ቀበቶ እንደ መምረጥ ነው» ይባላል። አባባሉ ያስቃል፤ አንክድም። የሚያስቀው ግን የማጀት ጭስ ዐይኑን ያላቃጠለውን ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እኛ ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከማንኩሳና ከዙሪያቸው ገጠር የመጣን ተማሪዎች ለዚህ አባባል መልስ ልንሰጥ ብዕር አንሥተናል። መልሱ አጭር ነው፤ ማስረጃው ግን ትንሽ ይረዝማልና አንባቢ ይታገሠን።

መልሱ ይኸውላችሁ። በምዕራብ ጎጃም ውሃ ዛሬም ይሞቃል፤ በአያቶቻችን ዘመንም ይሞቅ ነበር። ስለዚህ ክርክሩ «ለገጠሩ ሙቅ ውሃ ያስፈልገዋል ወይስ አያስፈልገውም?» የሚል ሊሆን አይችልም። ትክክለኛው ጥያቄ «ውሃው በማን ጀርባ ይሙቅ?» የሚለው ነው። እስከ ዛሬ የሞቀው በሴቶች ጀርባ፣ በዛፉ ግንድና በመሬቱ ስብ ነው። እኛ ደግሞ ማንም ሳይከፍላት በየቀኑ የምትወጣ ፀሐይ አለች፣ በሷ ይሙቅ እንላለን። ጠባችን ይኼው ነው።

ማጀቱ ምን ይላል?

የጎጃም ሰው ሙቅ ውሃን ከከተማ ሆቴል አልተማረም። እንግዳ ከመንገድ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርብለት ለብ ያለ የእግር ውሃ ነው። አራስ ገላዋን የምትታጠበው፣ ጨቅላውም የሚታጠበው በሙቅ ውሃ ነው። ገንፎው በፈላ ውሃ ይገነፋል፤ አብሲቱ ይፈላል፤ የጠላውና የአረቄው ሥራ እሳት ላይ ውሎ እሳት ላይ ያመሻል። በሐምሌ ጭቃ ሲያርስ የዋለ ገበሬ ማታ ድካሙ የሚወጣለት እግሩን በሞቀ ውሃ ሲነክር ነው። ይኼ ሁሉ «ቅንጦት» ከተባለማ እናቶቻችን በሙሉ ቅንጡዎች ናቸው ማለት ነው! ኧረ እንተዛዘን።

ያ ሁሉ ውሃ የሚሞቀው በሦስት ጉልቻ ላይ፣ በጭራሮ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠልና በኩበት ነው። ጭራሮውን የምትለቅመው፣ ኩበቱን የምትጠፈጥፈው፣ ውሃውንም ከምንጭ ወይም ከወንዝ ቀድታ የምታመጣው አንዲት ሴት ናት፤ እሷ ካልደረሰች ከትምህርት ቤት የቀረች ልጇ ናት። ጭሱንም የሚጠጡት እነሱው ናቸው። የቤት ውስጥ ጭስ ሕፃናትን ለሳንባ ምች፣ እናቶችን ለማይለቅ የሳንባ በሽታ እንደሚዳርግ ሐኪሞች ካረጋገጡ ቆይተዋል። በአገራችን ደግሞ ከ10 ቤተሰብ ከ9 የሚበልጠው ዛሬም የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በአገዳ ነው። «መብራት ይቅደም» የሚለው ሰው አንድ ነገር ልብ ይበል። አንድ አምፖል ክፍሉን ያበራል እንጂ ከጉልቻው ሥር አንዲት ጭራሮ አያወጣም። ጨለማውን ገፍቶ ጭሱን ትቶት ይሄዳል።

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ነን፤ ቢሆንም ሒሳብ አያስፈራንም። 100 ሊትር ውሃ፣ ማለት አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ከ18 ዲግሪ ወደ 50 ዲግሪ ለማሞቅ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ይፈልጋል። አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት አለው። ነገር ግን ከሦስት ጉልቻ እሳት ወደ ድስቱ የሚደርሰው አንድ አሥረኛው፣ ቢበዛ ትንሽ ከዚያ በላይ ነው፤ ሌላው ግድግዳና አየር ሲያሞቅ ይቀራል። እንግዲህ ለዚያ ውሃ ከ7 እስከ 9 ኪሎ እንጨት ይነዳል። አንድ ቤት በቀን የዚህን ሩብ ብቻ፣ 25 ሊትር ብቻ ቢያሞቅ፣ በቀን 2 ኪሎ፣ በዓመት ከ7 ኩንታል በላይ እንጨት መሆኑ ነው። ይህ እንግዲህ እንጀራውና ወጡ ሳይቆጠር ነው!

አሁን ደግሞ ወደ ላይ እንይ። በአገራችን በአማካይ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ሙቀት ይቀበላል። ሁለት ካሬ ሜትር ጥቁር ቆርቆሮ መስተዋት ለብሶ ቢዘረጋ 10 ኪሎዋት ሰዓት ያርፍበታል። ከዚህ ውስጥ 40 ከመቶውን ብቻ ለውሃው ቢያስተላልፍ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 100 ሊትሩ ሞቀ ማለት ነው። ያለ ጭራሮ፣ ያለ ኩበት፣ ያለ ጭስ። አንድ የበር ሣንቃ የሚያህል ነገር 8 ኪሎ እንጨት ይተካል።

«ታዲያ በ50 ዲግሪ ምን ይበስላል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚያ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ93 ወይም በ94 ዲግሪ ግድም ነው። ከ18 ተነሥቶ 93 ለመድረስ 75 ዲግሪ መውጣት ያስፈልጋል። ፀሐይ 50 ድረስ ካደረሰችው የቀረው 43 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ለገንፎውም፣ ለቡናውም፣ ለመጠጥ ለሚፈላው ውሃም ቢሆን እንጨቱ ከአርባ በመቶ በላይ ይቀንሳል። በፀሐይ ለብ ያለ ውሃ ለመጠጥ አይበቃም፤ ይፍላ። ግን ግማሽ መንገድ ድረስ ሄዶ የመጣ ውሃ ይፍላ።

የኩበቱ ዕዳ

እዚህ ላይ ነገሩ ከማጀት ወጥቶ ወደ ማሳ ይገባል። ኩበት ማለት ወደ መሬት ሊመለስ የሚገባው የመሬት ስብ ነው። ቡሬና ጃቢ ጠህናን የበቆሎ፣ የስንዴ፣ የበርበሬ አገር ናቸው። ይኼ መሬት ሲመገብ ይመግባል። እኛ ግን ምግቡን እናነድበትና በምትኩ በዶላር የተገዛ ማዳበሪያ እንለምናለን። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው እስከ ባሕር ዳር ድረስ አቤት ማለቱን ማን ይረሳል? በዚያው ክረምት በየማጀቱ ኩበት ይነድ ነበር። የምንቃወመው ገበሬውን አይደለም። ሌላ የሚነድ የለውምና ያነድዳል። የምንቃወመው ይህን እያየ «ሙቅ ውሃ ሌላ፣ ማዳበሪያ ሌላ» እያለ በየቢሮው ፋይል የሚለያየውን ሰው ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው። ድስቱ ሥር የገባው ኩበት ከማሳው የተነቀለ ነው።

ደኑም እንደዚያው ነው። ከቡሬ አልፎ ወደ እንጅባራ ሲወጣ በአዊ ምድር ገበሬው ማሳውን ዲከረንስ በሚሉት ግራር ሸፍኖታል፤ ከሰሉም በጭነት መኪና ወደ ከተማ ይጓዛል። ለባለ ማሳው ገንዘብ አምጥቶለታል፤ ይህን አንነፍገውም። ነገር ግን ጤፍ ይበቅልበት የነበረ መሬት የከተማ ውሃ ማሞቂያ ሆኖ መቅረቱ ያሳስበናል። ከተማው ጣሪያ ላይ ፀሐይ እየባከነች፣ እርሻው ከሰል እንዲያበቅል ተፈርዶበታል።

«ግድቡ አለላችሁ» ለሚሉን

ታላቁ የኅዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 5,150 ሜጋዋት። የጎጃም ገበሬ ከሌላው ወገኑ ጋር ቦንድ ገዝቶበታል፤ ኩራቱም የራሱ ነው። እኛም ኮርተንበታል። ነገር ግን ኩራት ውሃ አያሞቅም፤ ሽቦ እንጂ።

ኃይል ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ማድረስ ሌላ ነገር ነው። ዓባይ ጎጃምን እንደ ቀለበት ዙሮታል። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ጣቢያ በ1950ዎቹ ሥራ ጀመረ፤ ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት ይዞ ተመረቀ። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ባለ 400 ኪሎቮልት መስመር አገራችንን ሰንጥቆ ያልፋል። ከበላዩ አሞራ ያርፋል፤ ከበታቹ እናቶች ጭራሮ ይለቅማሉ። ለጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ለኬንያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ኤሌክትሪክ ተሽጧል። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ቢትኮይን ለሚባለው የኮምፒውተር ገንዘብ ፈልፋዮችም ተሸጧል። ለዶላር ብሎ ነው፤ ምክንያቱን እናውቃለን። ምክንያቱን ማወቅ ግን ጭሱን አይቀንሰውም።

መንግሥት ራሱ የተናገረውን እንጥቀስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እንደ ፈረንጆች በ2025 ለሁሉም ቤት ኤሌክትሪክ ይዳረሳል አለ። 65 ከመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 ከመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ ማለት በፀሐይና በመሳሰለው። እነሆ 2025 አለፈ፤ ለሁሉም አልተዳረሰም። ልብ በሉ፤ ዕቅዱ ራሱ ከሦስት ቤት አንዱን «መስመር አይደርስህም» ብሎታል። ታዲያ «መስመሩን ጠብቅ» የሚሉን ከዕቅድ አውጪው በላይ ዐውቀው ነው?

መስመሩ ቢደርስስ? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። በአንድ የገጠር ቀበሌ ሁለት መቶ ምጣድና የውሃ ቦይለር በአንድ ሰዓት ቢሰካ ትራንስፎርመሩ ምን እንደሚሆን ለመገመት መሐንዲስ መሆን አያሻም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ደግሞ አንድ ምሰሶ ሲወድቅ ስንት ከተማ ስንት ቀን እንደሚጨልም ሁላችንም ተምረናል። ጣሪያ ላይ የተቀመጠ በርሜል ግን ምሰሶ ወደቀ ብሎ አይቀዘቅዝም። በፀሐይ የሚሞቀውን ውሃ ለፀሐይ ብንተውላት፣ የግድቡ ኃይል ለወፍጮው፣ ለብየዳው፣ ለሆስፒታሉና ለምጣዱ ይተርፋል። ስለዚህ የምንለው ግድቡን የሚቃወም አይደለም። ሸክሙን የሚያቀልለት ነው።

«ክረምትስ?» ለሚሉን

የምዕራብ ጎጃም ክረምት ክረምት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው አይገለጥም፤ በረዶውም ይወርዳል። እኛ በዚያ ዝናብ ያደግን ነን፤ ማንም አያስተምረንም። በነዚያ ወራት ውሃው ለብ ብሎ ይቀራል፤ የቀረውን እሳት ይጨምርበታል። ነገር ግን ለብ ማለትም ትርፍ ነው። ከበጋማ ቀናት ብዛት ጋር ሲመዘን የክረምቱ ጉድለት ዓመቱን አያበላሽም። በጋ ዝናብ የለም ብሎ ማረሻውን የሸጠ ገበሬ አይታችኋል? ጀርመን በዓመት አማካይ በካሬ ሜትር በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት የማይሞላ ወይም እሱኑ የሚያህል ፀሐይ ነው የምታገኘው፤ ሆኖም በብዙ መቶ ሺህ ጣሪያ ላይ ውሃ በፀሐይ ታሞቃለች። ደመና ሰበብ ከሆነ፣ ሰበቡ ለነሱ ይቀርብ ነበር።

ሌላውም ዓለም አልተኛም። እስራኤል ከነዳጁ ቀውስ በኋላ በ1980 እ.ኤ.አ. አዲስ መኖሪያ ቤት ሁሉ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ እንዲኖረው በሕግ ደነገገች። ትንሿ የባርቤዶስ ደሴት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግብር ማበረታቻ በገዛ ፋብሪካዋ እየሠራች ጣሪያዋን ሸፈነች። ጎረቤታችን ኬንያ በ2012 እ.ኤ.አ. በቀን ከ100 ሊትር በላይ ሙቅ ውሃ ለሚጠቀሙ ሕንፃዎች የፀሐይ ማሞቂያ ደንብ አወጣች። እኛስ? እኛ «የ13 ወር ፀጋ» የሚል መፈክር ይዘን ፀሐያችንን ለቱሪስት ስንሸጥ ኖርን። መፈክሩ ከ1950ዎቹ ተነሥቶ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል በየፖስተሩ ተለጠፈ። ቱሪስቱ ፀሐይ ሞቆ ሄደ። ማጀቱ ግን ኩበቱን ነደደ።

«ውድ ነው» ለሚሉን

ውድ ነው፤ ከውጭ የሚመጣው ውድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። በዶላር የሚገዛ ማንኛውም ዕቃ ለገበሬው ራቀ። ግን ማነው ሁሉ ነገር ከውጭ ይምጣ ያለው?

የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ከሁሉ የፀሐይ መሣሪያ ቀላሉ ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በባልቲሞር ክላረንስ ኬምፕ የሚባል ሰው ፈቃድ ያወጣበት ማሞቂያ ጥቁር ቀለም የተቀባ የውሃ ገንዳ፣ የእንጨት ሣጥንና የመስተዋት ክዳን ነበር። ይኼው ነው። በርሜል በቡሬ ገበያ አለ። ሣንቃ አለ። መስተዋት አለ። ሙቀቱን አፍኖ የሚይዝ የጤፍ ጭድ በየአውድማው አለ። በያጁም በፍኖተ ሰላም ብየዳ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ የበር ሥራ ይጠብቃል። ሣጥኑ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፤ በርሜሉ ጠዋት ይሞላ፤ ከቀትር በኋላ ይቀዳ። ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የእግር ውሃ የሚፈለገው መቼ ነው? ማታ 12 ሰዓት ላይ ገበሬው ሲገባ አይደለም እንዴ!

የተሻለውም ቢሆን ተአምር የለበትም። የሞቀ ውሃ ይቀልላል፤ የቀለለ ውሃ ወደ ላይ ይወጣል። ገንዳው ከማሞቂያው ቆርቆሮ በላይ ከተቀመጠና በጭድ ወይም በስፖንጅ ከተጠቀለለ ውሃው ያለ ፓምፕ፣ ያለ ሽቦ፣ በራሱ ይዞራል፤ እስከ ማግስቱም ሙቀቱን ይይዛል። ገንዳው ራሱ ባትሪው ነው። የማይሞት ባትሪ!

አንዳንዶች ደግሞ «የኤሌክትሪክ ፓኔል ግዙና ቦይለር ሰኩበት» ይሉናል። ሒሳቡን አልሠሩትም። አንድ ባለ 100 ዋት ፓኔል በቀን ቢበዛ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ያን 100 ሊትር ለማሞቅ ስምንት ዘጠኝ ፓኔል ሊገዛ ነው። ፓኔል ለአምፖል፣ ለስልክ፣ ለራዲዮ፣ ለውሃ ፓምፕ ክቡር ነገር ነው። ውሃ ለማሞቅ ግን በወርቅ ማረሻ ማረስ ነው።

እንጀራውን በፀሐይ ለመጋገር የሚጥሩ አሉ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የትሮንድሃይም ዩኒቨርሲቲ ጋር ለዓመታት ሞክሮበታል፤ እናከብረዋለን። እንጀራ ግን ወደ 200 ዲግሪ የሚጠጋ ምጣድ ይፈልጋል፤ ትልቅ መስተዋትና ሙቀት ማከማቻ ይፈልጋል። ሙቅ ውሃ የሚፈልገው 50 ዲግሪ ነው። ቀላሉን ሳንሠራ ከባዱን ስንጠብቅ ስንት ዓመት ይለፍ?

የፓኔል መቃብር

ሐቁን ሁሉ እንናገር ካልን፣ ፀሐይ ስም የተሰጠው ነገር ሁሉ አልተሳካም። ስሙን የማንጠራው አንድ ጤና ኬላ እናውቃለን። ጣሪያው ላይ ፓኔል አለ፤ ውስጥ አምፖል አለ፤ መካከል ላይ የነበረው ባትሪ ሞቶ ሣጥኑ የመድኃኒት ካርቶን ማስቀመጫ ሆኗል። ሲመረቅ ሪባን ተቆርጧል፤ ሲሞት ግን የቀበረውም የለም። እናት በዚያ ክፍል ስትወልድ የሚበራው የስልክ ባትሪ ነው፤ ውሃው የሚሞቀው ከጎረቤት ማጀት ነው። ይኼ የፀሐይ ጥፋት ነው? አይደለም። «ሰጥተናል» ብሎ ፎቶ ተነሥቶ የሚሄድ አሠራር ጥፋት ነው። የሚጠግን ሰው ሳያሠለጥኑ ዕቃ ማደል፣ ዘር ሳይሰጡ ማጭድ ማደል ነው።

የተሻለ ያደረጉም አሉ። በ1985 እ.ኤ.አ. በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንዲት መንደር 10.5 ኪሎዋት የሚሰጥ የፀሐይ ጣቢያ ቆሞ ለ300 ቤት መብራት ያደርስ ነበር፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውሃ ፓምፑንና ወፍጮውን እንዲያንቀሳቅስ ተደርጓል። የመንደሩ ሰው ከአምፖል ቀጥሎ ምን እንደፈለገ ተመልከቱ። ውሃና ወፍጮ። ሁለቱም የሴት ሸክም ናቸው። በክልላችንም በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባል የገጠር መንደር፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶችን በየግላቸው ፓኔል አስገባ። ከፓኔሉ ይልቅ እኛን የሚያስቀናን ግን እዚያው መንደር የቴክኒሻኖች ትምህርት ቤት መክፈቱ፣ ነዋሪውም ለጥገና በየወሩ መጠነኛ ገንዘብ እንዲያዋጣ መደረጉ ነው። ድርጅቱ በ2009 እ.ኤ.አ. አሽደን የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ዕቃው የሚቆየው ጠጋኙ ጎረቤት ሲሆን ነው።

ሰፊው ሕዝብ ደግሞ ማንንም አልጠበቀም። የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በኢትዮጵያ ከዋናው መስመር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ቤተሰብ 33 ከመቶ ያህል ሲሆን 24 ከመቶ ያህሉ ደግሞ ከመስመር ውጭ፣ በአብዛኛው ከፀሐይ፣ ያገኝ ነበር። ገበሬው በርበሬ ሸጦ የፀሐይ ፋኖስ ገዝቷል፤ ኩራዙን ጥሏል። ብርሃኑ በገበያ መንገድ ራሱ እየሄደ ነው። ያልሄደው ሙቀቱ ነው። ስለዚህ የሚገፋ ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የከበደውን ክርክር አንዲት የክፍላችን ልጅ አቅርባልናለች። «ውሃው ራሱ በሌለበት የምን ሙቅ ውሃ?» አለች። እውነት አላት። አንዲት እናት አንድ ጀሪካን ከወንዝ ለማምጣት አንድ ሰዓት ከሄደች፣ 100 ሊትር የሚያሞቅ ሣጥን ጣሪያዋ ላይ ብንሰቅል መሳለቅ ነው። ስለዚህ ተራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ በየጎጡ በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ፤ ከዚያ የጋራ ማሞቂያ በጤና ጣቢያውና በትምህርት ቤቱ፤ ከዚያ በየቤቱ። ፀሐይ ውሃውን ትቅዳ፤ ፀሐይ ታሙቀው።

ለብዕር ሰዎች

ይህ ጽሑፍ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ለምን ወጣ የሚልም አይጠፋም። የወጣው ስለ ፀሐይ የሚገጥሙት እዚህ ስለሚያነቡ ነው። ግጥማችን ውስጥ ፀሐይ የነጻነት ምልክት ናት፣ የፍቅር ምልክት ናት፣ የአብዮት ምልክት ናት። አንድ ቀን እንኳ ውሃ አሙቃ አታውቅም! ማንኩሳን ሁላችንም ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» እናውቃታለን፤ የዛሬዋ ማንኩሳ ግን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ መንገድ ላይ ያለች፣ ማጀቷ የሚጨስ እውነተኛ ቀበሌ ናት። ዋሸራ የቅኔ አገር ናት እያልን እንኮራለን፤ በየጉባኤ ቤቱ ያለው የቆሎ ተማሪ ግን በብርድ ውሃ ታጥቦ በጭላንጭል ቀለሙን የሚቀጽል ልጅ ነው። እከክና ቅማል የድህነት ጌጥ አይደሉም። ገላና ልብስ በሙቅ ውሃ ማጠብ ለሱም ይገባዋል። ባህል እንወዳለን የምንል ሰዎች ባህሉን የተሸከመውን ሥጋ እንውደድ።

በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ቶዮ ሶላር የተባለ የውጭ ኩባንያ በ2017 ዓ.ም. የፀሐይ ሴል ማምረት ጀምሯል፤ ምርቱም በዋናነት ለአሜሪካ ገበያ የታሰበ ነው። ሥራ ማምጣቱን አንጠላም። ግን ከኢትዮጵያ ፋብሪካ የወጣ ሴል በቴክሳስ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ፣ የቡሬ ጣሪያ ባዶውን ፀሐይ ሲሞቅ፣ ይኼን የሚጽፍ ባለቅኔ ከመካከላችን ይጥፋ?

ምን ይደረግ?

ጩኸት ብቻ አይበቃም። የምንጠይቀው ይህን ነው፤

1. በምዕራብ ጎጃም ያሉ ጤና ጣቢያዎች የማዋለጃ ክፍላቸው በፀሐይ የሚሞቅ ውሃ ይኑረው። የክትባት ማቀዝቀዣን ያለ ባትሪ በቀጥታ በፀሐይ ማሠራት በአገራችን ጤና ተቋማት ተለምዷል። መድኃኒቱን በፀሐይ ማቀዝቀዝ ከተቻለ፣ ለእናቲቱ ውሃ ማሞቅ እንዴት ያቅታል?

2. በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ማሞቂያውን ከበርሜል፣ ከሣንቃና ከመስተዋት መሥራትን የብየዳና የቧንቧ ትምህርት አካል ያድርጉት። በያጁ የበር ሥራ ሲጠፋ የሚሠራው ነገር ያገኛል፤ ጠጋኙም ጎረቤት ይሆናል።

3. ከቀድሞው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም የተወለደው ጸደይ ባንክም ሆነ ሌሎች አበዳሪዎች፣ ለማዳበሪያና ለበሬ እንደሚያበድሩት ሁሉ ለውሃ ማሞቂያም ያበድሩ። ብድሩም በሴቲቱ ስም ይሁን፤ ጭሱ በስሟ ነውና።

4. ማንኛውም የእርዳታ ፓኔልም ሆነ ማሞቂያ ያለ ጠጋኝ፣ ያለ መለዋወጫና ያለ የጥገና ሣጥን አይመረቅ። ሪባኑ ከሦስት ዓመት በኋላ ይቆረጥ፤ ያን ጊዜ እየሠራ ከሆነ እናጨበጭባለን።

5. ዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ ፀሐይ የተጻፉትን የመመረቂያ ጽሑፎች ከመደርደሪያ አውርደው፣ ፍሬ ነገራቸውን በአማርኛ ባጫጭሩ አዘጋጅተው ለየቀበሌው ይላኩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የጎጃም ፀሐይ ጎጃምን አላሞቀም።

እኛም ድርሻችንን እንወስዳለን። በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ በየወረዳችን አንድ አንድ ሣጥን ከአካባቢው በያጅ ጋር ለመሥራት ተስማምተናል፤ በየቀኑ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ፣ ስንት ጭራሮ እንዳዳነ፣ በረዶ ስንት መስተዋት እንደሰበረ መዝግበን በዚሁ መጽሔት እናወጣዋለን። የሚቃወመን ካለ መዝገቡን ይዞ ይምጣና ይከራከረን።

ሱሪና ቀበቶ ለሚመርጡልን ወገኖች አንድ ጥያቄ ትተንላቸው እናብቃ። ነገ ጠዋት ስትታጠቡ ውሃው ቢቀዘቅዝባችሁ ታማርራላችሁ። ያን ጊዜ «ቅንጦት ነው» ብላችሁ ራሳችሁን ታጽናናላችሁ ወይ?